ቴርዛን 5፦ አንድ ዕድሜ ለምን አይበቃውም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በቀውስ (ሳጂታሪየስ) ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የሚገኘውን ቴርዛን 5 የተባለ ሉላዊ የኮከብ ክምችት (በስበት ተያይዘው ሉል የሠሩ እጅግ ብዙ ኮከቦች) ዕድሜ ለማውጣት ሞክረዋል። የተጠቀሙት በሃብል ቴሌስኮፕ በቪ (የሚታይ ብርሃን) እና በአይ (ቅርብ ኢንፍራሬድ) ማጣሪያ የተለካ ብርሃን ነው። ርቀቱን 5.9 ኪሎፓርሰክ (አንዱ ወደ 3,260 የብርሃን ዓመት ነው)፣ አቧራው ብርሃኑን ያቀላበትን መጠን ማለትም መቅላቱን 2.38፣ የብረቱን መጠን ከፀሐይ ጋር እኩል አድርገው አንድ አይሶክሮን ሲያስገጥሙ 8 ቢሊዮን ዓመት ወጣላቸው። የታተሙት ጥናቶች ግን 12 እና 4.5 ቢሊዮን ይላሉ። «የቱ ላይ ተሳሳትኩ? ሁለት ዕድሜ ያለው ነገርስ ሉላዊ ክምችት ሊባል ይችላል?»

ስሌትዎ ላይ የጎላ ስህተት አላየሁም። 12 እና 4.5ን ደምረው ለሁለት ቢያካፍሉ 8.25 ይመጣል፤ ያገኙት ቁጥር በሁለት ትውልድ ኮከቦች መሃል የተዘረጋ መስመር ነው። ችግሩ ከስሌቱ በፊት ያለው ግምት ነው። አይሶክሮን ማለት እኩል ዕድሜና እኩል ቅንብር ኖሯቸው በመጠነ ቁስ ብቻ የሚለያዩ ኮከቦች በቀለምና በድምቀት ንድፍ ላይ የሚሠሩት መስመር ነው። አንድ አይሶክሮን ሲያስገጥሙ ክምችቱ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ጋዝ እንደተወለደ አስቀድመው ፈርደዋል። ለአብዛኞቹ ሉላዊ ክምችቶች ይህ ፍርድ ብዙም አይጎዳም። ለቴርዛን 5 ግን መልሱን ገና ከመነሻው ያበላሸዋል።

መሠረቱን በፍጥነት ልለፈው። ኮከቦች በመሃላቸው ሃይድሮጂን እያነደዱ በዋናው መስመር ላይ ይቆያሉ፤ ከባዶቹ ቀድመው ይጨርሱና መስመሩን ትተው ወደ ቀይ ግዙፍነት ይሄዳሉ። ክምችቱ ባረጀ ቁጥር መስመሩ የሚታጠፍበት ነጥብ እየደበዘዘ ይወርዳል። ለሥራዎ የሚጠቅምዎ ግምታዊ ሕግ ይህ ነው፦ የመታጠፊያው ድምቀት በ0.1 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) ከተሳሳተ ዕድሜው በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። በ12 ቢሊዮን ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ፣ በ4.5 ቢሊዮን ላይ ግማሽ ቢሊዮን ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ከ0.1 ማግኒቲዩድ የሚበልጥ ማንኛውም ነገር በመጀመሪያ መጠረግ አለበት፤ በዚህ ክምችት ላይ ደግሞ ከ0.1 የሚበልጠው ነገር ብዙ ነው።

ትልቁ አቧራው ነው። አማካይ መቅላቱ 2.38 ከሆነና የተለመደውን 3.1 ማባዣ ከተጠቀሙ፣ በቪ የሚደርሰው መደብዘዝ ወደ 7.4 ማግኒቲዩድ ነው፤ ከተላከው ብርሃን የሚደርሰን ከ900 አንድ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። በኬ ባንድ ማለትም በ2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ግን መደብዘዙ 0.8 ያህል ስለሆነ ግማሽ የሚጠጋው ብርሃን ያልፋል። ልዩነቱን በመታጠፊያው ነጥብ ላይ ይመልከቱት፤ የአሮጌው ትውልድ መታጠፊያ በቪ 25.5 አካባቢ፣ በአይ 21.7፣ በኬ ደግሞ 17.3 አካባቢ ላይ ይወድቃል። እርስዎ በቪ የሠሩት ልኬት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ስህተቱ እየሰፋ ስለሚሄድ ሁለት መስመሮች ቢኖሩም አንድ ደመና ሆነው ይታያሉ።

ማባዣው ራሱም አስተማማኝ አይደለም። ወደ ፍኖተ ሐሊብ መሃል የሚያመራው አቧራ ከተለመደው የተለየ ስለሆነ ትክክለኛው ማባዣ ወደ 2.5 እንደሚጠጋ ብዙ ልኬቶች ያሳያሉ። 3.1 የነበረውን 2.5 ካደረጉት የቪ መደብዘዝ ከ7.4 ወደ 6 ይወርዳል። ይህ የ1.4 ማግኒቲዩድ ልዩነት ነው፤ የሚፈልጉትን የዕድሜ ምልክት ሙሉ በሙሉ ሊውጥ ይችላል። በዚህ ላይ የሃብል ሰፊ ማጣሪያዎች በእንዲህ ያለ ወፍራም አቧራ ሲያዩ ሰማያዊው ጫፍ ይቆረጥና የማጣሪያው አማካይ የሞገድ ርዝመት ወደ ቀይ ይሸሻል፤ የመደብዘዙ ልክ ለሞቃትና ለቀዝቃዛ ኮከብ አንድ መሆኑ ይቀራል። አይሶክሮኑን ካወረዱ በኋላ በሁሉም ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር መደመር ለቀላል አቧራ ይሠራል፤ እዚህ ግን መደብዘዙን በሞዴሉ ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ በተዘረዘረው ብርሃን) ላይ ተግብሮ በማጣሪያው ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ፓርሰክ (PARSEC) እና ሚስት (MIST) የተባሉት የአይሶክሮን ሞዴሎች ድረ ገጾች መደብዘዙን አስገብተው የሚያሰሉበት አማራጭ ስላላቸው እሱን ይምረጡ።

አማካዩ በትክክል ቢታወቅ እንኳ አቧራው ወጥ አይደለም። ጎኑ 200 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) በሆነው የሃብል ምስል ውስጥ መቅላቱ ከቦታ ቦታ እስከ 0.67 ይለያያል። ይህ በቪ የ2 ማግኒቲዩድ፣ በአይ የ1.2፣ በኬ የ0.2 ልዩነት ነው። እርማቱ በሰፊው እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያ ከመታጠፊያው አንድ ወይም ሁለት ማግኒቲዩድ በታች ያለውን የዋናውን መስመር ክፍል ይምረጡ፤ እዚያ ዕድሜ ቦታን አይቀይርም። አነስተኛ መቅላት ካለበት ክፍል የማጣቀሻ መስመር ያውጡ። ከዚያ ምስሉን 8 በ8 አርክሰከንድ በሆኑ ሕዋሶች ይክፈሉ፤ ወይም ለእያንዳንዱ ኮከብ ቅርብ የሆኑትን ከ30 እስከ 70 ኮከቦች ይውሰዱ። እነዚህ በአቧራው አቅጣጫ ከማጣቀሻው ምን ያህል እንደራቁ አካፋዩን (ሚዲያን) ያግኙ፤ ኮከቡን በዚያ ልክ ይመልሱት። አዲሱን ንድፍ መነሻ አድርገው ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት፤ ለውጡ ከልኬት ስህተቱ ሲያንስ ያቁሙ።

እዚህ ላይ የሚደበቅ ወጥመድ አለ። በብረት የበለጸገው ትውልድ ማለትም ወጣቱ ከሌላው ቀላ ያለ ነው፤ ደግሞም ወደ ክምችቱ መሃል የበለጠ ተጠግቷል። እርማቱ ይህን አያውቅምና የመሃሉን መቅላት በሙሉ አቧራ ብሎ ሊያጥበው ይችላል፤ ያኔ ራሱ የሚፈለገው ምልክት ይጠፋል። ለማረጋገጥ የተገኘውን የአቧራ ካርታ ይሳሉት። እውነተኛ አቧራ ጭረትና ጥፍጥፍ ይሠራል፤ ካርታው ክምችቱን መሃል ያደረገ ክብ ቅርጽ ካሳየዎት ኮከቦቹን ነው ያረሙት።

ቀጥሎ አባልነት ነው። ቴርዛን 5 የተቀመጠው በፍኖተ ሐሊብ የመሃል ጉብታ ውስጥ ስለሆነ ከፊትና ከኋላው እጅግ ብዙ ባዕድ ኮከብ አለ። የባሰው ደግሞ የጉብታው ኮከቦች ራሳቸው በብረት መጠን ሁለት ጫፍ ያላቸው መሆናቸው ነው፤ አንዱ ከፀሐይ በታች፣ ሌላው በላይ። ያልተጣራ ንድፍ ላይ ሁለት ትውልድ ቢያዩ አንዱ የጉብታው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው እንቅስቃሴ ነው። በ5.9 ኪሎፓርሰክ ላይ በዓመት 1 ሚሊ አርክሰከንድ የጎን እንቅስቃሴ በሰከንድ 28 ኪሎ ሜትር ነው። የጉብታ ኮከቦች እርስ በርስ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚለያዩ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ አርክሰከንድ ይበተናሉ፤ የክምችቱ ኮከቦች ግን በዓመት ከ0.7 አይበልጡም። የሃብል ካሜራ አንድ ፒክሰል 50 ሚሊ አርክሰከንድ ነው። 10 ዓመት የተራራቁ ሁለት ምስሎች ካሉ የጉብታው ኮከብ ከግማሽ ፒክሰል በላይ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ በደንብ ይለካል። ጋያ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ለዚህ አይበቃም፤ የሚያየው በሚታይ ብርሃን ስለሆነ በዚህ አቧራ ውስጥ ግዙፎቹን እንጂ መታጠፊያውን አይደርስበትም። ለግዙፎቹ ስፔክትረም ካለዎት ደግሞ ክምችቱ ወደ እኛ በሰከንድ 82 ኪሎ ሜትር ገደማ እየቀረበ ስለሆነ ከዚህ ፍጥነት በጣም የራቁትን ያስወጡ።

የመጨናነቁ ጉዳይም አለ። ሁለት እኩል ኮከቦች ተደራርበው እንደ አንድ ቢለኩ፣ ወይም እውነተኛ ጥንዶች ቢሆኑ፣ ድምቀታቸው በ0.75 ማግኒቲዩድ ይጨምራል። ይህ በመታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቁልጭ ያለ ወጣት ትውልድ ይመስላል። ለመለየት ሰው ሠራሽ ኮከቦችን ምስሉ ላይ ጨምሮ እንደገና መለካት ግድ ነው፤ በአንድ ዙር ጥቂት ብቻ ተራርቀው ይጨመራሉ፣ ዙሩ ተደጋግሞ በድምሩ ቢያንስ መቶ ሺህ ይሆናሉ። የገባው አንድ ትውልድ ሆኖ የወጣው ሁለት ከመሰለ ምልክቱ የመደራረብ ነው። ሰማያዊ ዘግይተው የቀሩ የሚባሉት ኮከቦችም ያሳስታሉ። እነሱም ከአሮጌው መታጠፊያ በላይ ይቀመጣሉ፣ እነሱም መሃል ይወዳሉ። ግን ከሌላ ኮከብ ቁስ በመውሰድ ወይም በመዋሐድ የተፈጠሩ ስለሆኑ የብረት መጠናቸው የወላጆቻቸው ነው። ከመታጠፊያ እስከ ንዑስ ግዙፍ፣ ከዚያም እስከ ቀይ ግዙፍ የተያያዘ፣ ቀጠን ያለ የራሳቸው መስመርም አይሠሩም።

ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው ግን በመታጠፊያው አልነበረም። ክምችቱን በ1968 የመዘገበው አጎፕ ቴርዛን ሲሆን ለአርባ ዓመት ያህል እንደ ተራ፣ በአቧራ የተሸፈነ ሉላዊ ክምችት ተቆጥሮ ቆየ። በ2009 የፍራንቸስኮ ፌራሮ ቡድን በቺሊ ካለው ከቪኤልቲ ቴሌስኮፕ በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ (የከባቢ አየርን መንቀጥቀጥ በሚያርም ዘዴ) የተነሱ የኬ ባንድ ምስሎችን ይዞ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፤ በመሃላቸው ሂሊየም የሚያነድዱት ኮከቦች የሚሰበሰቡበት ቀይ ክምር አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ነው። አንዱ በኬ 12.85፣ ሌላው 13.15 ላይ ነው፤ ደማቁ ደግሞ ይበልጥ ቀይ ነው። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉም የተሻለው ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። አቧራ ኮከብን ሲያቀላ ያደበዝዘዋል፤ አቅልቶ የሚያደምቅ አቧራ የለም። ርቀትም ቢሆን ድምቀትን እንጂ ቀለምን አይቀይርም። ስለዚህ እርማት ሳይሠራ ገና፣ በጥሬው ንድፍ ላይ ብቻ፣ ሁለቱ ክምሮች በቅንብር ወይም በዕድሜ ወይም በሁለቱም እንደሚለያዩ ይታወቃል።

ክምሩ ብቻውን ግን ዕድሜን አይፈታም። ሂሊየም የበዛበት ኮከብ በዚያ ደረጃ ላይ ይደምቃል፤ ስለዚህ ሁለቱ ትውልዶች እኩል አርጅተው ደማቁ በሂሊየም ብቻ የበለጸገ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በወቅቱ ተገቢ ሐሳብ ነበር። የሚለያቸው መታጠፊያው ነው። በእኩል ዕድሜ ላይ ሂሊየም ሲጨምር መታጠፊያው ወደ ሰማያዊ ይሸሻል እንጂ ከፍ አይልም። በ2016 የሃብል የአይ ምስል ከቪኤልቲ የኬ ምስል ጋር ተጣምሮ፣ አባልነት በእንቅስቃሴ ተጣርቶ፣ አቧራው ታርሞ ሲታይ ሁለት የተለያዩ መታጠፊያዎች ወጡ። 12 ቢሊዮን (ስህተቱ 1 ቢሊዮን) እና 4.5 ቢሊዮን (ስህተቱ ግማሽ ቢሊዮን) የተባለው ከዚህ ነው። በቪ እና በአይ ብቻ ይህን ማየት የሚከብደው አቧራው ስላለ ብቻ አይደለም፤ ወጣትነት መታጠፊያውን ሲያደምቅ የብረት ብዛት ደግሞ መልሶ ያደበዝዘዋል። ሁለቱ ስለሚጎታተቱ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ነው።

እርስዎን ለ8 ቢሊዮን የዳረገዎትም ይኸው መጎታተት ነው። የብረቱን መጠን ከፀሐይ ጋር እኩል ማድረግዎ ለማናቸውም ትውልድ የማይስማማ አማካይ ነው። በግዙፎቹ ስፔክትረም የተለካው እንደሚያሳየው ብዙሃኑ ማለትም አሮጌዎቹ በብረት ከፀሐይ 0.25 ዴክስ (አንድ ዴክስ አሥር እጥፍ ነው) ያንሳሉ፤ የፀሐይን 56 በመቶ ያህል ማለት ነው። ሁለተኛዎቹ ማለትም ወጣቶቹ 0.27 ዴክስ ይበልጣሉ፤ ወደ 1.9 እጥፍ። ከዚህ ሌላ 0.79 ዴክስ የሚያንስ፣ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሦስተኛ ቡድንም አለ። የአልፋ ንጥረ ነገሮቹም ማለትም ኦክስጅን፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ካልሲየም ይለያያሉ፤ በአሮጌው ትውልድ ከብረት አንጻር 0.3 ዴክስ ገደማ በዝተዋል፣ በወጣቱ ከፀሐይ ጋር ይስተካከላሉ። ሞዴል ሲመርጡ ይህን ካላስገቡ ለአሮጌው የተሳሳተ መስመር ይወስዳሉ፤ በአልፋ የበለጸገ አማራጭ ያለው የሞዴል ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ባስቲ (BaSTI)፣ ለዚህኛው ይሻላል።

እንግዲህ እንደገና ሲሠሩ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ። የብረቱንና የአልፋውን መጠን ከስፔክትረም ወስደው ይቆልፉ፤ ከቀለም ለማግኘት አይሞክሩ፣ ዕድሜም ብረትም ንድፉን ስለሚያቀሉ አንዱ የሌላውን ስህተት ይሸፍናል። ከዚያ የክምሮቹንና የቀይ ግዙፎቹን ቦታ በመጠቀም መቅላቱንና ርቀቱን ለሁለቱም ትውልድ አንድ አድርገው ይወስኑ፤ በአንድ ክምችት ውስጥ ስላሉ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ርቀት መስጠት አይፈቀድም። ነጻ የሚቀረው የሁለቱ ዕድሜ ብቻ ይሁን። ርቀቱን ሲያስቡ በቅርብ ዓመታት የወጡ ልኬቶች ከ5.9 ይልቅ ወደ 6.6 ኪሎፓርሰክ እንደሚያመለክቱ ይወቁ። የ0.25 ማግኒቲዩድ ልዩነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ካልተነካ ሁለቱንም ዕድሜ በሩብ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። የክፍተቱን መኖር ግን አያጠፋውም፤ ሁለቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉና። ለዚህ ነው በመታጠፊያውና በክምሩ መካከል ያለውን የድምቀት ልዩነት ለየትውልዱ መለካት የምመክረው፤ ከርቀት ነጻ ነው፣ ከአማካይ መደብዘዝም ነጻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ «ሉላዊ ክምችት ነው ወይ» የሚለውን የሚወስነው ከዕድሜው ይልቅ ብረቱ ነው። በአብዛኞቹ ሉላዊ ክምችቶች ውስጥ ኦክስጅን፣ ሶዲየምና አሉሚኒየም ከኮከብ ኮከብ ይለያያሉ፤ ብረቱ ግን ወጥ ነው፣ ልዩነቱ ከ0.05 ዴክስ እምብዛም አይበልጥም። ምክንያቱ ብረት የሚመጣው ከሱፐርኖቫ ማለትም ከኮከብ ፍንዳታ መሆኑ ነው። የሱፐርኖቫ ጋዝ በሰከንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር ስለሚወረወር ትንሽ ክምችት ሊይዘው አይችልም። ቴርዛን 5 ግን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ከአንድ ዴክስ በላይ የብረት ልዩነት አለው፤ የሉላዊ ክምችቶች መለያ የሆነው የኦክስጅንና የአሉሚኒየም ተቃራኒ ዝምድና ደግሞ በየትውልዱ ውስጥ አልታየበትም። የአልፋው መውረድ ሲታከልበት ታሪኩ ይነበባል፤ አሮጌው የተወለደው ከባድ ኮከቦች ፈንድተው ባበለጸጉት ጋዝ ነው፣ ወጣቱ ግን ዘግይተው የሚፈነዱት ዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫዎች ብረታቸውን ከጨመሩ በኋላ። ይህን ሁሉ ይዞ ለማቆየት ዛሬ ካለው ከ2 ሚሊዮን የፀሐይ መጠነ ቁስ የበለጠ ግዙፍ የነበረ አካል ያስፈልጋል።

በብረት ልዩነቱ የሚታወቀው ሌላው አካል ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው፤ እሱን ፍኖተ ሐሊብ የዋጠችው የትንሽ ጋላክሲ እምብርት አድርገው ብዙዎች ይወስዱታል። ይህን ማብራሪያ ወደ ቴርዛን 5 ማዛወር ግን አይሠራም። የትንሽ ጋላክሲ ኮከቦች በእንዲህ ያለ የብረት መጠን አልፋቸው ቀድሞ ይወርዳል፤ የቴርዛን 5 ቅንብር የጉብታውን ኮከቦች ይመስላል፣ ምሕዋሩም ከጉብታው አይወጣም። ስለዚህ ጉብታው ሲሠራ ከተዋሐዱት ግዙፍ የጋዝና የኮከብ ጓሎች አንዱ ሳይፈርስ ቀርቶ ይሆናል የሚለው ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምነኛል። ተቀናቃኙ ሐሳብ አሮጌ ክምችት በመንገዱ ላይ ግዙፍ የሞለኪውል ደመና ይዞ አዲስ ኮከብ ወለደ የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆን ሁለት ንጹሕ ዕድሜዎች ብቻ፣ በመካከላቸውም ባዶ ጊዜ መታየት አለበት። ሊለር 1 የተባለው ሌላ የጉብታ ክምችት በ2021 ተመሳሳይ ጠባይ አሳይቷል፤ እዚያም 12 ቢሊዮን ዓመት ከሆናቸው ኮከቦች ጎን ከ1 እስከ 3 ቢሊዮን ዓመት የሆናቸው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ አካል ሁለት መሆኑ አጋጣሚን የሚጠይቀውን የደመና ሐሳብ ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም።

ለፕሮጀክትዎ ታዲያ ይህን ይሞክሩ። ያለዎትን የቪ እና የአይ መረጃ ሳይጥሉ የኬ ባንድ ልኬት ያክሉበት፣ ከዚያ በሁለት መንገድ ያስገጥሙ፦ አንድ ጊዜ በ12 እና በ4.5 ሁለት ትውልድ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ በመካከላቸው በየቢሊዮኑ አነስተኛ ትውልድ እየጨመሩ። ሁለተኛው ብቻ ከመታጠፊያዎቹ መካከል ያሉትን ንዑስ ግዙፎች ቁጥር ካስረዳ፣ የኮከብ ልደቱ አልተቋረጠም ነበር ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ የዕድሜዎቹን ልዩነትና ስህተቱን ለብቻ፣ የየራሳቸውን ዕድሜና ከርቀት የሚመጣውን ስህተት ለብቻ አድርገው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ ይጠብባል።